የጉብኝት ቀን ስትሄዱ ክፍል ግቡ

ሙዚቃ ወይም ውዝዋዜ ለመማር ያሰባችሁ፣ ወይም እንደ እኔ ልጅ ይዛችሁ የምትዞሩ፣ ትምህርት ቤቱ ለአዲስ ተማሪዎች የጉብኝት ቀን ሲያዘጋጅ አትቅሩ። መግቢያ አይከፈልም። መምህራኑን፣ ዕቃውንና ክፍሉን ባንዴ የምታዩበት ቀን እንደዚህ አይገኝም። እኔ እዚሁ ጎንደር የእህቴን ልጅና የጎረቤታችንን ልጅ ይዤ ሄጃለሁ። እሷ ውዝዋዜ ካልሆነ ትላለች። እሱ ነገሩ ሁሉ ማሲንቆ ነው። ሁለቱም አስራ ሁለተኛን ጨርሰው ቤት ተቀምጠዋል። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ጥሩውንም መጥፎውንም ስለማወራ ስሙ ይቆይ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። መድረክ ላይ የምታዩት ትርዒት ስለ ትምህርት ቤቱ የሚነግራችሁ ጥቂት ነው። የሚወጡት ምርጥ ምርጦቹ ናቸው። ጎንደር ውስጥ ደግሞ መድረክ የሚሞላ ሰው አይጠፋም። እስክስታ የሚወርድ ልጅ በየሰፈሩ አለ። የአዝማሪዎቹ መንደር ቡርቧክስ ሩቅ አይደለም። እዚያ ልጅ ማሲንቆ የሚለምደው ከአባቱ ጎን ቁጭ ብሎ ነው፣ ማንም ሳይመዘግበው። በደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች ሲቋቋሙም፣ የእኛው ፋሲለደስ፣ የወሎው ላሊበላ፣ የጎጃሙ ጊሽ ዓባይ፣ ሁሉም ሙዚቃው ከቤቱ አብሮት ያደገ ሰው ነበራቸው። ስለዚህ መድረኩ ላይ ያለው ልጅ ግሩም ቢሆንም ጥያቄ ይቀራል። እዚህ ተምሮ ነው ወይስ ችሎ የመጣ ነው?

መልሱ ያለው ክፍል ውስጥ ነው። በተለይ ተማሪ ሲሳሳት መምህሩ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

ጠዋቱ በንግግር ተጀመረ። ረዘመ። ስለ ባህላችን ሀብት፣ ስለ ትውልድ፣ ስለ አደራ ብዙ ተባለ። ስለ ክፍያ ግን አንድ ቃል አልወጣም። ቀጥሎ ትርዒቱ መጣ። የጎንደሩ፣ የጎጃሙ፣ የትግራዩ፣ የኦሮሞው፣ የጉራጌው እየተፈራረቀ ቀረበ። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። የእህቴ ልጅ ከወንበሯ ተነስታ ልትቀላቀል ምንም አልቀራት። ቡናው እየተፈላ፣ ፈንዲሻው እየዞረ ስለነበር ወላጆች ተመቻችተው ተቀመጡ። እኛ ሾልከን ወጣን። የክፍሎቹ በር ክፍት ነው፣ ሕዝቡ ገና አዳራሽ ነው፣ ግፊያ የለም። እናንተም እንዲህ አድርጉ። ትርዒቱ አልቆ ሁሉም ሲወጣ መምህራኑን ማግኘት አይቻልም።

መጀመሪያ የገባነው የማሲንቆ ክፍል ነው። አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ትዝታ ይለማመዳል። ማሲንቆ ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለውም። ጣት ጭራውን ከጎን ነካ ያደርጋል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም። ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ድምፁ ይሸሻል። የዚህ ልጅ አንዱ ጣት እዚያችው ቦታ ላይ ሲደርስ ይስታል። መምህሩ አስቆሙት። ማሲንቆውን ግን አልተቀበሉትም።

«ደጋኑን አስቀምጠው። አሁን ያን ድምፅ በአፍህ አውጣልኝ» አሉት።

ልጁ እኛን አይቶ አፈረ። ቢሆንም አዜመ። ልክ ነበር።

«አየህ፣ ጆሮህ ያውቀዋል። ጣትህ ነው የሚቀድመው። በል አሁን ፈልገው።»

ፈለገና አገኘው። ከመጀመሪያው ጀመረ፣ ያችው ቦታ ላይ እንደገና ሳተ፣ እንደገና በአፉ አወጣው። መምህሩ አልቸኮሉም፣ አልተቆጡም፣ እኛን ለማስደሰትም አልሞከሩም። ጎብኚ ቆሞ እያየ ተማሪውን ማስቀደም ቀላል ነገር አይደለም። እንዲህ ዓይነት መምህር ያለበት ክፍል ግድግዳው ቢላላጥም ግድ የለኝም። በነገራችን ላይ ተላልጧል።

የጎረቤታችን ልጅ ቤቱ ያስጨነቀውን ጥያቄ እዚያው አወጣው። «መምህር፣ እኔ ኖታ አላውቅም። ይቀበሉኛል?»

«ኖታ አውቀህ ብትመጣ እኔ ምን ልሠራ ነው? ና እስቲ ያዝ» ብለው ማሲንቆ አቀበሉት። አንድ የሰርግ ዜማ ተጫወተላቸው። ሲጨርስ ቅኝቱን ጠየቁት። ዝም አለ። አንቺሆዬ እንደሆነ ነገሩትና ቁጭ አድርገው አራቱን ቅኝቶች በየተራ አሰሙት፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። እያንዳንዱ አምስት አምስት ድምፅ አለው። የሚለያቸው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ልጁ ሁሉንም ቀድሞ ያውቃቸዋል፣ ስም ነው ያልነበራቸው። ከቤት የለመደ ልጅ ትምህርት ቤት የሚፈራው «የያዝከውን ጣልና ከዜሮ ጀምር» እንዳይሉት ነው። እኒህ ሰው አላሉትም። እናንተም ይህንን በቀጥታ ጠይቁ። በጆሮው ተምሮ የመጣን ልጅ ከየት ነው የምታስጀምሩት? «ሁሉም እኩል ነው የሚጀምረው» የሚል መልስ ለእኔ ጥሩ መልስ አይደለም።

ከዚያ ወደ ክራር ክፍል ገባን። እዚያ የነበሩት መምህር በጣም ጎበዝ ተጫዋች ናቸው። ችግሩም እሱ ሆነ። አንዲት ተማሪ ስትሳሳት ክራሩን ከእጇ ወሰዱና ራሳቸው ተጫወቱት። ጉድ የሚያሰኝ ነበር፣ እኔም አጨበጨብኩ። ልጅቷ ግን እኛ እስክንወጣ ድረስ እጇን አጣጥፋ ቆመች። ስትወጣ ጠብቄ «ይህን ክራር ማን ነው የቃኘው?» አልኳት። «መምህር ናቸው፣ ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው የሚቃኙልን» አለች። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት።

ይህ ለምን አሳሰበኝ? ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር አለው። ክሮቹ የሚወጠሩት በምትጫወትበት ቅኝት ነው። ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሄድ ክር መቃኘት ግድ ነው። ራሷ መቃኘት ያልቻለች የክራር ተማሪ መምህሯ በሌለበት በአንድ ቅኝት ብቻ ተጫውታ ትቀመጣለች። ስለዚህ «ተማሪው በራሱ የሚቃኘው ከስንተኛው ወር ጀምሮ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከመምህሩ ሰምታችሁ ተማሪውንም ጠይቁት።

ታዲያ ማሲንቆውም ክራሩም ያሉት አንድ ግቢ ውስጥ ነው። «ይህ ትምህርት ቤት ጥሩ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብዙም የማይረዳው ለዚህ ነው። ልጃችሁን የሚይዘው ሰው ማን እንደሆነ ነው የሚጠየቀው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ማን ያስተምራል? ታዋቂው መምህር የሚመጣው መቼ መቼ ነው? አንዳንድ ቦታ በማስታወቂያው ላይ ፎቶው ያለው ሰው ለምረቃ ብቻ ነው የሚታየው።

ዋሽንት ክፍሉን ቶሎ አለፍነው። አንድ ነገር ግን ደስ አለኝ። ሳጥኑ ውስጥ አጭሩም ረጅሙም ዋሽንት አለ። አንድ ዋሽንት የሚሠራው ለአንድ መነሻ ድምፅ ስለሆነ ነፊዎች ብዙ ይዘው ነው የሚዞሩት። አንድ ዓይነት ብቻ ካያችሁ ልጁ ከክራርና ከማሲንቆ ጋር አብሮ ለመጫወት ይቸገራል። ፒያኖው ጋ ስደርስ ቁልፎቹን አንድ ባንድ ነካካኋቸው። ሁለቱ ወርደው ቀሩ። ማንም አልተቆጣኝም፣ ማንም አልገረመውም። ኪቦርዶቹ ይሻላሉ፣ ግን መብራት ሲጠፋ ጣውላ ናቸው። ጄኔሬተር እንዳለ ጠይቁ። ካለ ለቢሮው ብቻ ነው ወይስ ለክፍሎቹም ይደርሳል?

በገናና የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚፈልግ ልጅ ያላችሁ ደግሞ መንገዱ ይለያል። 10 አውታር ያለውን በገና እዚህ አላየሁም። ለአቋቋም፣ ማለትም ለማሕሌቱ ዝማሬና ሽብሸባ ከሆነ ጎንደር በአታ አለላችሁ፤ ከየአገሩ ሊማሩ የሚመጡበት ደብር ነው። እዚያ ምዝገባው፣ ሰዓቱም፣ ዓመታቱም በሌላ ሥርዓት ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ውዝዋዜው። እውነቱን ለመናገር እኔ ስለ ውዝዋዜ ክፍል ምን እንደምጠይቅ አላውቅም ነበር። የእህቴ ልጅ ናት ያስተማረችኝ። ገና እንደገባች ጫማዋን አውልቃ ወለሉን በተረከዟ መታ መታ አደረገች። «ጋሼ፣ ሲሚንቶ ነው፣ ላዩን ፕላስቲክ አንጥፈውበት ነው» አለች። እስክስታ ብቻ ቢሆን ሥራው ትከሻ፣ አንገትና ደረት ላይ ነው። ተማሪ ግን የሀገሩን ሁሉ ነው የሚማረው። ጉራጌው መዝለል አለው፣ እግሩ ፈጣን ነው። ሲሚንቶ ላይ በየቀኑ የሚዘል ልጅ ጉልበቱ ይከፍላል። የሚመረጠው ከሥሩ ክፍተት ያለው የእንጨት ወለል ነው፣ ሲዘሉበት ትንሽ ይሰጣል። አሠልጣኟን ስንጠይቃት አልሸሸገችም። ዝላይ ያለበትን ልምምድ በሳምንቱ እንደምትከፋፍለው፣ ማሟሟቂያ ሳይሠራ የሚገባ ተማሪ እንደማታስገባ ነገረችን። መስኮቱ ላይ ያረፈደች ልጅ ብቻዋን ስታሟሙቅ አየናት። አመንኳት።

ክፍሉ ትልቅ መስታወት አለው። ተማሪዎቹ ግን ጀርባቸውን ሰጥተውታል። «መስታወት ሲያዩ ትከሻቸው ይቆማል» አለች አሠልጣኟ። ከዚያ የእህቴን ልጅ ጠራቻትና እስክስታ እንድትወርድ ጠየቀቻት። ልጅቷ ሰርግ ላይ የተከበበች ናት፣ ወረደችው። አሠልጣኟ አላጨበጨበችም። «አሁን አንገትሽን አቁሚና ትከሻ ብቻ። ቀስ ብለሽ።» አልሆነም። አንገቷ አብሮ ይመጣል። «አሁን ግራ ትከሻ ብቻ።» እሱማ ጭራሽ። ትንፋሿ ተዘጋ፣ ፊቷ ቀላ። አሠልጣኟ ትከሻዋን በእጇ ይዛ ከየት እንደሚነሳ አሳየቻት፤ ከላይ ሳይሆን ከጀርባ፣ ከክንፉ አጥንት። በመጨረሻ ትንሽ መጣ።

መንገድ ላይ ኩርፊያ ነበር። «ሰርግ ላይ ማንም አስቁሞኝ አያውቅም!» አለች። ማታ ግን ቤት ውስጥ አንገቷን በግድግዳ አስደግፋ ስትሞክር እናቷ አይታታለች።

ሴት ልጅ የምትልኩ ልብስ መቀየሪያውን ግቡና እዩ። በሩ ይዘጋል? መጸዳጃው ውኃ አለው? ማታ ልምምድ ካለ ስንት ሰዓት ያልቃል? ከዚያ ሰዓት በኋላ ባጃጅ የሚገኝበት ቦታ ነው? አንዳንዱ አባት ይህን መጠየቅ ያፍራል። ምን ያሳፍራል? ልጅን ትምህርት ከሚያስቋርጡት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ሌላው የማይጠየቅ ጥያቄ የትርዒት ገንዘብ ነው። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን ለሰርግ፣ ለስብሰባ፣ ለሆቴል የባህል ምሽት፣ ለጥምቀት ሰሞን ዝግጅት ይልካል? ጎንደር በጥምቀት እንዴት እንደምትሆን ታውቃላችሁ፤ ሥራው ሞልቶ ነው። ታዲያ የሚከፈለው ለማን ነው? ተማሪው ድርሻ አለው? ክፍል እየቀረ ነው የሚሄደው? እኔ ቢሮ ስጠይቅ «ልምድ ያገኙበታል» አሉኝ። ልምድ ጥሩ ነው። ከዚያ ግቢ በር ላይ ሻይ የሚጠጡ ተማሪዎች አገኘሁና እነሱን ጠየቅኩ። የትራንስፖርትና የምሳ እንደሚሰጣቸው፣ ከዚያ በላይ እንደሌለ ነገሩኝ። ደስተኞች ናቸው ወይ ካላችሁ፣ ግማሾቹ አዎ። ባይሆን አስቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

እነዚሁ ልጆች ስለ ተመራቂዎቹም የነገሩኝ ከቢሮው ይለያል። ቢሮው ሬዲዮ ላይ የወጣውን አንዱን ተመራቂ ደጋግሞ ያነሳል። ልጆቹ ግን አንዱ ትምህርት ቤት ውስጥ ሙዚቃ እንደሚያስተምር፣ አንዷ የባህል ምግብ ቤት እንደምትወዛወዝ፣ አንዱ ከባንድ ጋር እንደሚሠራ፣ አንዱ ደግሞ ባጃጅ እየነዳ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ እንደሚጫወት ነገሩኝ። እህቴ «ተምራ ምን ትሆናለች?» ስትለኝ ይህንኑ ሳልቀንስ ሳልጨምር ነገርኳት። አክስታችን ግን ሌላ ነው ያሳሰባቸው። «አዝማሪ ልትሆን ነው?» አሉ። አዝማሪ መሆን ምን ነውር እንዳለው ዛሬም አይገባኝም። ጎንደር ላይ ሆኖ ይህን ማለት ደግሞ ይብሳል። እሳቸውን ለማሳመን ግን ጊዜ አላጠፋሁም።

ቢሮ ስትገቡ ሁለት ወረቀት እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። አንደኛው የዕውቅና ፈቃዳቸው ነው። ፈቃዱ ለዚህ የትምህርት ዓይነት፣ ለዚህ ግቢ መሆኑን፣ ጊዜው አለማለፉንም አንብቡ። የሙያ ሥልጠና ከሆነ የምትጨርሱት በስንተኛ ደረጃ እንደሆነና የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ፈተና እንዴት እንደሚወሰድ ጠይቁ። ሁለተኛው የክፍያ ዝርዝር ነው፣ በጽሑፍ። ከወርሃዊው በተጨማሪ የባህል ልብስ፣ የመሣሪያ መያዣ፣ የምረቃ እየተባለ የሚጨመር አለ። ዲግሪ ከፈለጋችሁ ደግሞ አዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲው ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። የራሱ የመግቢያ ፈተና አለው፤ የኑሮውን ወጪ ግን ከጎንደር ኑሮ ጋር አታነጻጽሩት።

የመለማመጃ ሰዓቱን ነገር ልረሳው ነበር። በዚህ ትምህርት ከክፍል ይልቅ ብቻን የሚለማመዱበት ሰዓት ይበልጣል። ስለዚህ መለማመጃ ክፍሉ ስንት ነው፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው፣ እሑድ ይከፈታል፣ መሣሪያ ወደ ቤት ይዞ መሄድ ይቻላል? እኛ ያየነው ቦታ ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው፣ ተማሪ መታወቂያ አስይዞ ይወስዳል። ጥሩ ነው። መሣሪያ ግን ከግቢ አይወጣም።

ስለ መግቢያ ፈተናው የማሲንቆው መምህር በደንብ አስረዱን። ፒያኖ ላይ አንድ ድምፅ ይመታሉ፣ ያንን በአፍህ ትመልሳለህ። ቀጥለው ሁለት፣ ሦስት ድምፅ አያይዘው ይመታሉ። ከዚያ ምት ያጨበጭባሉ፣ እንዳለ ትመልሰዋለህ። ችክችካ የሚባለውን ምት በእጁ ሳይጣደፍ ይዞ መቆየት ብዙ ልጅ ያቅተዋል፣ በተለይ ሲደነግጥ። በመጨረሻ ያዘጋጀኸውን ትጫወታለህ። አጭርና የምትችለውን ምረጥ ነው ያሉት። ለውዝዋዜ ደግሞ የራስህን ካሳየህ በኋላ አዲስ እንቅስቃሴ እዚያው ያስተምሩሃል። የሚያዩት ምን ያህል ቶሎ እንደምትይዝና ሲያርሙህ እንደምትቀበል ነው። የእህቴን ልጅ አሠልጣኟ ያን ሁሉ ያስለፋቻት ለካ እየፈተነቻት ነበር።

አንድ ምክር ልጨምር። ከጉብኝቱ ቀን በኋላ በተራ ቀን ተመልሳችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ እንድትቀመጡ ፈቃድ ጠይቁ። እኛ ጠየቅን፣ ለውዝዋዜው ፈቀዱ። የክራሩ መምህር «ተማሪዎቹ ይረበሻሉ» አሉ። የእህቴ ልጅ ብቻዋን ሄዳ አይታ መጣች። ትርዒት የለም፣ ልብስ የለም፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ትከሻ ነው። ስትመለስ ፎርሙን ሞላች።

የጎረቤታችን ልጅ አባት ግን «መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ይምጣልህ፣ ከዚያ እናያለን» ብለዋል። ጋሼ ሐሳባቸውን አይለውጡም፣ አውቃቸዋለሁ። ልጁ እስከዚያው እኒያው መምህር ቅዳሜ የሚሰጡትን አጭር ኮርስ ጀምሯል። ማሲንቆ ከቤቱ ይዞ ነው የሚሄደው፤ የትምህርት ቤቱ ደጋኖች ጭራቸው ሳስቷል፣ የሚቀይርላቸውም አልተገኘም።